የአንባቢያን ጥያቄ፦ እርጉዝ ነኝ፤ አሁን የቤት ብድር ልውሰድ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የ20 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የመጀመሪያ ልጃችን ነው። እኔም ባለቤቴም ደመወዝተኞች ነን። የምንኖረው ባለ አንድ መኝታ የኪራይ ቤት ውስጥ ነው። ለቅድመ ክፍያ የሚሆን ገንዘብ ለዓመታት አጠራቅመናል። በቅርቡ የወደድነው ቤት አገኘንና ባንክ ሄደን አነጋገርን። የሁለታችንን ደመወዝ አይተው ከጠበቅነው በላይ እንደሚያበድሩን ነገሩን። ባለቤቴ በደስታ ሊበር ደርሷል። «ልጃችን በገዛ ቤቱ ይወለዳል» ይላል። እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ከወለድኩ በኋላ የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ጥቂት ወራት ያለ ደመወዝ ከልጄ ጋር መቆየት እፈልጋለሁ። እርጉዝ መሆኔን ለባንኩ አልነገርንም፤ ሆዴ ገና ስላልገፋ የጠየቀንም የለም። አንዲት ጓደኛዬ «ዝም በይ፤ ካወቁ ይከለክሉሻል» አለችኝ። መናገር አለብኝ? ከመውለዴ በፊት መግባቱስ ይሻላል ወይስ መቆየት?

እንቅልፍ ያጣችው

መልስ

እህቴ፣ በሰላም ያገላግልሽ። ያሰጋሽ ነገር በእርግጥም የሚያሰጋ ነው። «የእርግዝና ስሜት ነው፤ ያልፋል» የሚልሽ ሰው ቢኖር አትስሚው።

ባንክ ውስጥ በብድር ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ጠረጴዛዬ ፊት የሚቀመጡ ጥንዶች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ሁሌ አንድ ነገር ነበር፦ «ስንት ታበድሩናላችሁ?» «ልጅ ሲመጣ በወር ስንት መክፈል እንችላለን?» ብለው የሚጀምሩት በጣም ጥቂቶች ነበሩ። አንቺ ከጥቂቶቹ ነሽ።

ባንኩ የነገራችሁ ቁጥር ከየት እንደመጣ ልንገርሽ። የብድር ኦፊሰሩ ያየው የዛሬ ደመወዛችሁን የሚገልጸውን ደብዳቤ፣ የባንክ ሂሳባችሁን እንቅስቃሴና ያለባችሁን ሌላ ዕዳ ነው። ከገቢያችሁ ውስጥ ለዕዳ ሊውል ይችላል ተብሎ የተወሰነውን ድርሻ ያወጣል። ያንን ወደ ብድር መጠን ይቀይረዋል። አለቀ። በዚያ ስሌት ውስጥ ዳይፐር የለም። የሐኪም ወጪ የለም። ልጅ ለሚይዝ ሰው የሚከፈል ገንዘብ የለም። አንቺ ያለ ደመወዝ የምትቆዪባቸው ወራትም የሉም። ኦፊሰሩ ይህን ሁሉ የሚያውቅበት ወረቀት አልቀረበለትም።

ስለዚህ ስሌቱን እናንተው እንደገና ሥሩት። ከባለቤትሽ ጋር ተቀመጡና አራት ዓይነት ወር ጻፉ። አንደኛው የአሁኑ ወር ነው፤ ሁለት ደመወዝ ይገባል፣ ልጅ የለም። ሁለተኛው በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለሽበት ወር ነው። ሦስተኛው ያለ ደመወዝ የምትቆዪበት ነው። አራተኛው ወደ ሥራ የተመለስሽበት ወር ነው። ብዙ ሰው ይህን አራተኛውን ይረሳዋል። «ሥራ ስጀምር እንደ ድሮው እንሆናለን» ይላል። ደመወዙ ይመለሳል፤ ግን በዚያው ወር የሕፃናት ማቆያ ወይም የሞግዚት ክፍያ ይጀምራል። ብዙ ቤተሰብ የሚጨናነቀው እናትየው ፈቃድ ላይ ሳለች ሳይሆን ከተመለሰች በኋላ ነው። ወርሃዊ ክፍያው ከአራቱ ወራት በጠባቡ ላይ ካልተቻለ፣ ወይ ብድሩ ይቀንስ ወይ የጎደለውን የሚሞላ ገንዘብ ከአሁኑ ተለይቶ ይቀመጥ።

ሁለተኛውን ወር ስትጽፊ በግምት አትጻፊ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 183 የወሊድ ፈቃድ ከ14 ሳምንት እንዳያንስ ይላል። በዚያ ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብ በቀድሞ ገቢ ላይ ተመሥርቶ የሚሰላ ከሆነም ከገቢው ከሁለት ሦስተኛ እንዳያንስ ይላል። ግን ስምምነቱን ያላጸደቁ አገሮች ብዙ ናቸው። ያጸደቁትም ቢሆኑ አፈጻጸማቸው ይለያያል። የመሥሪያ ቤትሽን የሰው ኃይል ክፍል በጽሑፍ ጠይቂ። ስንት ሳምንት ሙሉ ደመወዝ ይከፈላል? አበልና ጉርሻ በፈቃድ ላይ ይቀጥላል ወይስ ይቆማል? ያለ ደመወዝ የሚሰጥ ተጨማሪ ፈቃድ አለ? ስመለስ የሥራ መደቤ ይጠበቅልኛል? መልሱ በኢሜይልም ቢሆን ይሁን፤ ብቻ የተጻፈ ይሁን። አበል ሲቆም ከገቢዋ ትልቅ ቁራጭ እንደሚጎድል የምታውቀው ፈቃድ ከወጣች በኋላ የሆነች ሴት ብዙ ጊዜ አጋጥማኛለች።

አሁን ስለ ብድሩ ራሱ አንድ ነገር በቁጥር ላሳይሽ። የገንዘቡ ዓይነት የፈለገው ይሁን። 1 ሚሊዮን በዓመት 12 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ተበደራችሁ እንበል። ወርሃዊ ክፍያው ወደ 11,011 ይሆናል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 10,000 ወለድ ነው። ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 1,011 ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍያ በአብዛኛው ወደ ወለድ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። «ወርሃዊው ይቅለልላችሁ፤ 30 ዓመት እናድርገው» ቢሏችሁ ክፍያው የሚወርደው ወደ 10,286 ነው። በወር የተረፋችሁ ከ800 በታች ነው። ጠቅላላ የምትከፍሉት ግን ከ2.64 ሚሊዮን ወደ 3.7 ሚሊዮን ይወጣል። ብድሩን ትንሽ ማሳነስ ዘመኑን ከማርዘም በጣም ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ወለዱ ቋሚ ነው ወይስ ተለዋዋጭ? ይህን ሳትጠይቂ ከባንኩ እንዳትወጪ። በዚያው ምሳሌ ወለዱ ከ12 ወደ 15 በመቶ ቢያድግ የ20 ዓመቱ ክፍያ ከ11,011 ወደ 13,168 ይደርሳል። ጭማሪው የመጣው አንቺ ያለ ደመወዝ በተቀመጥሽበት ወር ቢሆንስ? ተለዋዋጭ ከሆነ ሦስተኛውን ወር ከፍ ባለው ወለድ አስልታችሁ እዩት። ሌሎች ሁለት ጥያቄዎችም ጨምሪ። ክፍያ ሳትከፍሉ የምትቆዩበት የእፎይታ ጊዜ አለ ወይ? ካለስ በዚያ ጊዜ ወለድ ይጠራቀማል ወይ? ብዙ ሰው «እፎይታ» ሲባል ወለዱ የቆመ ይመስለዋል። ብዙውን ጊዜ አይቆምም።

አሁኑኑ መጀመር የምትችሉት ነገርም አለ። ከዚህ ወር ጀምሮ በባለቤትሽ ደመወዝ ብቻ ኑሩ። ያንቺን ሙሉውን አስቀምጡ። ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ እስክትወልጂ የተጠራቀመው ገንዘብ ያለ ደመወዝ የምትቆዪባቸውን ወራት ይሸፍናል። ሁለተኛ፣ ኑሮው ይቻል አይቻል እንደሆነ ሳትፈርሙ ታውቁታላችሁ። ሁለት ወር ሞክራችሁ ካቃታችሁ ብድሩ በዝቷል ማለት ነው።

ያጠራቀማችሁትንም ሁሉ ቅድመ ክፍያ ላይ አታፍስሱት። ከቤቱ ዋጋ ውጭ የንብረት ግምት ክፍያ አለ፣ የውልና የምዝገባ ወጪ አለ፣ ግብር አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ ዕቃ ማጓጓዣ አለ። የገባችሁ ቀን የሚያንጠባጥብ ቧንቧም ይኖራል። እኔ ብሆን ያለ ደመወዝ የምቆይበትን ጊዜ በሙሉ የሚሸፍን፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ቢያንስ የሦስት ወር የብድር ክፍያ በእጄ ሳልይዝ አልፈርምም። ምጥ ያለ ጊዜው ሊመጣ ይችላል፤ ሕፃኑ ሆስፒታል ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ያለ ወር ሲመጣ ቀዳዳውን የሚደፍነው በእጅ ያለ ገንዘብ ነው።

መናገር አለብኝ ወይ ላልሽው፦ ማመልከቻው ወይም ኦፊሰሩ በቅርቡ ገቢያችሁ ላይ የሚመጣ ለውጥ አለ ወይ ብሎ ከጠየቀ እውነቱን ተናገሪ። በብድር ማመልከቻ ላይ ሐሰት መጻፍ ከባድ ነገር ነው። ባንኩ በኋላ ከደረሰበት ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ በሕግም ያስጠይቃል። ባይጠይቁም በራስሽ ብትነግሪያቸው እመርጣለሁ። ግን ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ፈቃድ የምትወጪበትንና የምትመለሺበትን ቀን፣ ስትመለሺ የሚከፈልሽን ደመወዝ የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤትሽ አጽፈሽ ሂጂ። ከደብዳቤው ጎን ያጠራቀማችሁትን ገንዘብ የሚያሳይ የሂሳብ መግለጫ አስቀምጪ። «እርጉዝ ነኝ» የሚል ቃል ብቻውን ኦፊሰሩን ያሰጋዋል። ቀንና ቁጥር ያለው ወረቀት ሲያገኝ ግን ፋይሉን ለአለቃው የሚያስረዳበት ነገር ይኖረዋል። እርግዝናን ምክንያት አድርጎ ብድር መከልከልን በሕግ የከለከሉ አገሮች አሉ፤ ያለሽበት አገር ሕግ ምን እንደሚል ጠይቂ። እውነቱን ሰምተው ብድሩን ቢቀንሱባችሁ ደግሞ፣ የቀነሱት ያው አንቺን እንቅልፍ የነሳሽን ክፍል ነው።

ከብድሩ ጋር የሕይወት ኢንሹራንስ ካስገቧችሁም በጤና ቅጹ ላይ እውነቱን ጻፊ። የተደበቀ ነገር ካለ ኢንሹራንሱ በክፉ ቀን አልከፍልም ሊል ይችላል። ያኔ ዕዳው የሚቀረው ለሕፃን ልጅ አሳዳጊ ነው።

ወደ ጊዜው እንምጣ። ለአብዛኛዋ ነፍሰ ጡር ቤት ለመቀየር የሚሻለው ከ14ኛው እስከ 27ኛው ሳምንት ያለው ነው። ማቅለሽለሹ ቀንሷል፤ ሆዱ ገና አልከበደም። አንቺ 20ኛው ላይ ነሽ። ብድር ደግሞ የራሱ መንገድ አለው፦ ሰነድ ይጣራል፣ ገማች ቤቱን ያያል፣ ኮሚቴ ያጸድቃል፣ ውል ይፈረማል፣ መያዣው ይመዘገባል፣ ከዚያ ገንዘቡ ይለቀቃል። አንዱ ጋ አንዲት ወረቀት ስትጎድል ሁሉም ይቆማል። ስለዚህ ለራሳችሁ ወሰን አብጁ። ቁልፉ እስከ 30ኛው ሳምንት አካባቢ በእጃችሁ ከገባ ግቡ። ካልገባ ተረጋግታችሁ ባላችሁበት ውለጂ። ለዚህ እንዲመቻችሁ አከራያችሁን አሁኑኑ አነጋግሩ፤ ውሉ ሲያልቅ በወር በወር እንዲያራዝምላችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። ይህች ወረቀት በእጃችሁ ካለች ሻጩም ሆነ ደላላው «ልጁ ሳይመጣ ፈርሙ» እያለ ሊያጣድፋችሁ አይችልም። ተጣድፎ የተፈረመ ውል ውስጥ ምን እንደሚገኝ ብዙ አይቻለሁ።

ለባለቤትሽ ይህን አንብቢለት፦ ወንድሜ፣ ሐሳብህ መልካም ነው፤ አባት እንዲህ ማሰቡ ደስ ይላል። ግን አዲስ የተወለደ ልጅ የራሱ ክፍል አያስፈልገውም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ሕፃናት ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ከወላጆቻቸው ጋር በአንድ ክፍል፣ በራሳቸው ጠንካራና ጠፍጣፋ መኝታ ላይ፣ በጀርባቸው እንዲተኙ ይመክራል። ያላችሁት አንድ መኝታ ቤት ለዚያ ይበቃል። ልጅህን የሚጎዳው እናቱ ደክማ ሳትድን ለክፍያ ብላ ወደ ሥራ ብትሮጥ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ባትጠይቂኝም። ቅድመ ክፍያውን አብራችሁ አጠራቅማችኋል። እንግዲያው ስምሽ በቤቱ የባለቤትነት ማረጋገጫ ላይ ይግባ። «እሷ ፈቃድ ላይ ስለምትሆን በእኔ ደመወዝ ብቻ እናመልክት» የሚል ሐሳብ በመካከል ይነሳል፤ አንዳንዴ ኦፊሰሩ ራሱ ያነሳዋል። ለብድሩ በአንድ ሰው ገቢ ማመልከት ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ አንዳንዴም ጥሩ ነው፤ ብድሩ ትንሽ እንዲሆን ያስገድዳል። የቤቱ ባለቤት ማን ነው የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ተበዳሪ ሆነሽ ከፈረምሽና ባለቤት ካልሆንሽ ዕዳው ያንቺ ነው፤ ቤቱ ግን ያንቺ አይደለም። ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ስምሽን ፈልጊ።

ጥያቄ

ባለቤቴ 36ኛ ሳምንቷን ይዛለች። ብድራችን ጸድቆ ቁልፍ የምንረከበው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። አዲሱ ቤት አሁን ካለንበት በመኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ይርቃል። የቆየ ቤት ስለሆነ ግድግዳው ተፍቆ ቀለም መቀባት አለበት። እሷ ቁጭ አልልም ብላ ዕቃ መሸከፍ ጀምራለች። ስከለክላት ትቆጣለች። ምን ይመክሩኛል?

አባት ሊሆን የደረሰ

መልስ

ወንድሜ፣ ካርቶኑን ለጊዜው ተወውና መጀመሪያ አዋላጇን ወይም ሐኪሟን ጠይቅ። በዚህ ሳምንት ላይ ሆኖ ሁለት ሰዓት መጓዝና የሚወለድበትን ቦታ መቀየር የሚወሰነው እሷን የሚከታተላት ባለሙያ ጋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ ይመክራል። ከዚያ ውስጥ አራቱ በ34፣ በ36፣ በ38 እና በ40ኛው ሳምንት ናቸው። ክትትሉ የሚበዛው በእናንተ የጉዞ ሳምንታት ላይ ነው ማለት ነው። አዲሱ አካባቢ ያለው ሆስፒታል ይቀበላታል ወይ? በስልክ ሳይሆን ሄደህ አረጋግጥ። የክትትል ካርዷን፣ የደም ዓይነቷንና አርኤች (ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ የሚባለውን) ውጤቷን፣ የአልትራሳውንድና የላብራቶሪ ወረቀቶቿን ቅጂ ያዝ፤ በስልክህም ፎቶ አንሳቸው።

የእኔን ሐሳብ ከፈለግህ፣ ቁልፉን ተረከብ፤ እሷን ግን አታንቀሳቅሳት። የአንድ ወር ኪራይና የብድሩ ክፍያ አብረው መምጣታቸው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ከተቻለ ግን የሚያወጣውን ያህል ዋጋ አለው። ይወለዳል በተባለበት ቀን የሚወለደው ከ20 ልጆች አንዱ ገደማ ነው፤ 37ኛው ሳምንት ላይ ቢመጣ ማንም አይደነቅም። ዕቃችሁ ጭነት መኪና ላይ ሳለ ምጥ ቢጀምራትስ? እሷ በምታውቀው ሆስፒታል ትውለድ። በዚያ መካከል አንተ ቤቱን ታስቀባለህ።

ቀለሙ ላይ በጣም ተጠንቀቅ። በቆየ ቤት የድሮው ቀለም እርሳስ (ሊድ) የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። ሲፋቅ የሚወጣው አቧራ ወደ ሰውነት ይገባል፤ ከእናት ደም ወደ ጽንሱ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን የለም። ስለዚህ ከመፋቁ በፊት አስመርምረው። እርሳስ ካለበት ይህን ሥራ ለሚያውቅ ባለሙያ ስጥ፤ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አታስፍቅ። ቤቱ ውስጥ የዋልክበትን ልብስም ለብሰህ እሷ ጋ አትምጣ። ቀለሙ በውሃ የሚበጠበጥ ዓይነት ይሁን። ከተቀባ በኋላ ቤቱ መስኮቱ ተከፍቶ ቀናት ይቆይ። ለጽዳት በረኪና የምትጠቀሙ ከሆነ ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች ድመት ከነበራቸው ኩሷንና የግቢውን አፈር ባለቤትህ አትንካ፤ ለጽንስ አደገኛ የሆነ ተሕዋሲ ሊኖርበት ይችላል።

ዕቃ መሸከፏን በተመለከተ፣ እንደዚያ መሆኗ ብዙ እናቶች መጨረሻው ላይ የሚያደርጉት ነገር ነው። «ቁጭ በይ» ስትላት የምትቆጣው ሥራዋን ሁሉ ስለነጠቅካት ይመስለኛል። ከባድ ነገር ማንሳትና መሰላል ላይ መውጣት ይከልከል። መገጣጠሚያዎቿ በእርግዝና ሆርሞን ላልተዋል፣ ሚዛኗም ተቀይሯል፤ መውደቅ ቀላል ነው። ወንበር ላይ ተቀምጣ የሚሠራውን ግን ለእሷ ተውላት። የትኛው ካርቶን የት እንደሚሄድ እሷ ትወስን፣ እሷ ትጻፍበት። የልጁን ልብስ እሷ ትጠፍ። ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ቤት ስንቀይር እህቴ ለሆስፒታል የተዘጋጀውን ሻንጣ በቀይ ፕላስተር ጠቅልላ «ይህን የሚነካ የለም» አለች። ሻንጣው ጭነት መኪናው ላይ አልወጣም፤ ሰነዶቹና የክትትል ካርዴ አብረውት ነበሩ። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። የብድር ውሉም ዋናው ቅጂ በዚያው ውስጥ ይሁን።

ሐኪሙ ፈቅዶ የምትጓዙ ከሆነ ቀበቶው የታችኛው ክፍል ከሆዷ ሥር በዳሌዋ ላይ ይለፍ፤ የላይኛው በጡቶቿ መካከል ይውረድ። በመንገድ ላይ ቆማችሁ ትራመድ፤ በእርግዝና ጊዜ ረጅም ሰዓት መቀመጥ እግር ላይ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። ውሃ በብዛት ትጠጣ። ደም ከታየ፣ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ብርቱ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ፣ ፊቷና እጇ በድንገት ካበጠ፣ የሆድ ሕመሙ ከበረታ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ዕቃው ባለበት ይቅርና በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ሂዱ። «እስክንደርስ እንጠብቅ» አይባልም።

ጥያቄ

ልጄ እርጉዝ ናት። ከባሏ ጋር የቤት ብድር ጠይቀው ገቢያቸው አልበቃ አለ። ባንኩ ዋስ አምጡ ስላላቸው የእኔን ቤት በመያዣነት እንዳስይዝ ለመኑኝ። ጡረታ ላይ ነኝ፤ ያለኝ ሀብት ይህ ቤት ብቻ ነው። እምቢ ብላት በዚህ ሁኔታዋ የምትጎዳብኝ መሰለኝ።

የልጅ ልጅ ጠባቂ

መልስ

እናቴ፣ እባክዎ አይፈርሙ። ባንኩ ዋስ የጠየቀው ራሱ አስልቶ የልጅዎ ገቢ እንደማይበቃ ስላየ ነው። ልጁ ሲወለድ ወጪያቸው ይጨምራል፤ ገቢያቸው ለጊዜው ይቀንሳል። መክፈል ካቃታቸው የሚሸጠው የእርስዎ ቤት ሊሆን ይችላል። ያኔ ልጅዎ ሕፃን ታቅፋ፣ እናቷን ያለ ቤት አስቀርታ፣ ምን ትሆናለች?

መርዳት ከፈለጉ መጠኑ የታወቀ እርዳታ ይስጡ። የሚችሉትን ያህል ገንዘብ ለቅድመ ክፍያው ይጨምሩላቸው፤ ባንኩ የገንዘቡን ምንጭ ስለሚጠይቅ ስጦታ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፉላቸው። ጤናዎ ከፈቀደ ደግሞ ልጅዎ ወደ ሥራ ስትመለስ ሕፃኑን በሳምንት ጥቂት ቀን ይያዙላት። ለሞግዚት ይወጣ የነበረው ገንዘብ በየወሩ በእጃቸው ይቀራል፤ ከዋስትና ፊርማ የበለጠ ይጠቅማቸዋል።

አልፈርምም የሚለውን በስልክ አይንገሯት። ጠርተዋት ከባሏ ጋር ያስቀምጧቸው፤ የሚሰጡትን ገንዘብና የሚይዙላትን ቀን አስቀድመው ይንገሯቸው፣ ዋስትናውን ከዚያ በኋላ ያንሱ። ትንሽ ቤት ወይም አንድ ዓመት ተጨማሪ ኪራይ ያለ ዋስ ይቻላቸው እንደሆነ አብረዋቸው ያስሉ። ያም ሆኖ ልፈርምላት ብለው ከወሰኑ፣ ከባንኩ ጋር የማይሠራ የራስዎን ጠበቃ ይያዙ፤ ዋስትናዎ በተወሰነ መጠንና ጊዜ እንዲገደብ፣ የተወሰነ ዕዳ ሲከፈልም ቤትዎ እንዲለቀቅ በውሉ ውስጥ ያስጽፉ። ባንኩ ይህን አልጽፍም ካለ ብዕሩን አይያዙ።